ሉዊ ፓስተር፦ ከስትሮክ በኋላ የተሠሩት 27 ዓመታት

በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ አካባቢ ፓስተር የሚለውን የሰፈር ስም የማያውቅ የታክሲ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ስያሜው በአገራችን አቆጣጠር በ1940ዎቹ በስፍራው ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የመጣ ሲሆን፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚሁ ተቋም ነው። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትም ለብዙ ዓመታት በዚያው ሲመረት ኖሯል። ሰፈሩ በስሙ የተጠራለት ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለሰው ልጅ ሲያበረክት ግን ግራ ጎኑ በስትሮክ ከተመታ 17 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት እንደነበር ብዙም አይነገርም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀሪዎቹ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓስተር የተወለደው ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በተባለች ከተማ ነው። አባቱ ዣን ዦዜፍ በቀዳማዊ ናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ሲሆን፣ ከውትድርና ከተመለሰ በኋላ በቆዳ ፋቂነት ይተዳደር ነበር። ቤተሰቡ አርቧ ወደተባለች ትንሽ ከተማ ተዛውሮ ልጁም ያደገው በዚያ ነው። በልጅነቱ የሥዕል ተሰጥኦ የነበረው ፓስተር በትምህርቱ ጎበዝ እንጂ ድንቅ የሚባል ተማሪ አልነበረም። በፓሪስ ከፍተኛው መምህራን ማሠልጠኛ ኤኮል ኖርማል ከገባ በኋላ ግን ለኬሚስትሪ ያለው ዝንባሌ ጎልቶ ወጣ። በ1848 ገና በ25 ዓመቱ በወይን ጠጅ ዝቃጭ ውስጥ በሚገኝ አሲድ ክሪስታሎች ላይ ያደረገው ምርምር ስሙን በሳይንቲስቶች ዘንድ አስጠራው። በተከታዩ ዓመት በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ማሪ ሎራን የተባለችውን የአካዳሚ ኃላፊ ልጅ አገባ። ማሪ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትይዘው ስፍራ ከሚስትነት በላይ ነው።

ከስትራስቡርግ ወደ ሊል፣ ከሊል በ1857 ወደ ፓሪስ የተዛወረው ፓስተር እርሾ ሕይወት ባላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት የሚሠራ መሆኑን አረጋገጠ። የወይን ጠጅን ለብ አድርጎ በማሞቅ ከብልሽት የሚያድነውን፣ ዛሬ ወተት የሚታከምበትንና በስሙ የሚጠራውን ዘዴም አስተዋወቀ። ይህ ሁሉ የተከናወነበት ቤተ ሙከራ ግን ለዝናው የሚመጥን አልነበረም። በኤኮል ኖርማል መጀመሪያ የተሰጠው በበጋ የሚግል፣ በክረምት የሚበርድ የጣሪያ ሥር ክፍል ነበር። በኋላ ወደ አንዲት ጠባብ ቤት ሲዛወርም ናሙናዎቹን የሚያሞቅበት ምድጃ የተሠራው ከደረጃ በታች ስለነበር በጉልበቱ እየዳኸ ይገባ ነበር።

ከ1865 ጀምሮ መንግሥት የሰጠው ግዳጅ ደግሞ ሌላ ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ የሐር ትል በበሽታ እያለቀ ሺህ ቤተሰቦች ለችግር በመጋለጣቸው መላ እንዲፈልግ ተላከ። ስለ ሐር ትል ምንም የማያውቀው ኬሚስት በየዓመቱ የትሉን ወቅት እየጠበቀ አሌስ ወደተባለችው ከተማ ይጓዝ ጀመር። የሥራው ጫና ብቻውን በበቃ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ወቅት ሐዘን በሐዘን ላይ ተደራረበበት። በ1865 አባቱን ቀበረ። በዚያው ዓመት የሁለት ዓመት ልጁ ካሚይ ሞተች። በ1866 የ12 ዓመቷ ሴሲል በታይፎይድ ተቀጠፈች። የመጀመሪያ ልጁን ዣንንም በ1859 ያጣት በዚሁ በሽታ ነበር። ከአምስት ልጆቹ የቀሩለት ወንዱ ዣን ባቲስትና ሴቷ ማሪ ሉዊዝ ብቻ ነበሩ።

ጥቅምት 19 ቀን 1868 ጠዋት ፓስተር በግራ ጎኑ ላይ እንግዳ የሆነ የመደንዘዝ ስሜት ተሰማው። ዛሬ ይህ ምልክት የታየበት ሰው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ይመክራል። ፓስተር ግን ከሰዓት በኋላ የሳይንስ አካዳሚ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ የአንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪን ጽሑፍ አነበበ። ማምሻውንም ከባልደረቦቹ ጋር በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እራቱን በልቶ ከተኛ በኋላ ሕመሙ በረታ። ንግግሩ እየተቆራረጠ፣ እጅና እግሩ እየከዱት ሌሊቱን በሞትና በሕይወት መካከል አሳለፈ። ሲነጋ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ዕድሜው ገና 45 ነበር።

በጊዜው የነበረው ሕክምና ዛሬ ለሚያነብ ሰው ያስደነግጣል። ሐኪሞቹ ከአንጎሉ ደም ለመቀነስ በማሰብ ከጆሮዎቹ በስተኋላ 16 አልቅቶችን አስቀመጡ። በአሁኑ ዘመን ስትሮክ ያጋጠመው ሰው በቅድሚያ የራስ ቅል ምርመራ ተደርጎለት ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ተደፍኖ ይሁን ወይስ ፈንድቶ ይለያል። ተደፍኖ ከሆነ፣ ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ የደም እብጠቱን የሚያቀልጥ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። በ1868 ግን ከአልቅትና ከመጠበቅ ውጪ ለታማሚው የሚደረግለት ነገር አልነበረም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው ከጥቃቱ በኋላ በነበሩት ቀናት የሆነው ነው። ግማሽ አካሉ የማይንቀሳቀሰው በሽተኛ አእምሮው ንቁ ነበር። ሳምንት እንደሞላው ደቀ መዝሙሩ ዴዚሬ ዤርኔ ሌሊት አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ የታመመ የሐር ትል እንቁላልን ለመለየት ስለሚያስችል ዘዴ ቃል በቃል አጻፈው። ማስታወሻው ጥቅምት 26 ቀን በሳይንስ አካዳሚ ተነበበ። ደቀ መዛሙርቱና ባልደረቦቹ በየተራ ሌሊቱን አብረውት ያነጉ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ነገር የበሽተኛውን ሞራል ክፉኛ ነካው። ሣልሳዊ ናፖሊዮን እንዲሠራለት ያዘዘው አዲስ ቤተ ሙከራ ግንባታ በዚያው ዓመት ተጀምሮ ነበር። ፓስተር መታመሙ ሲሰማ ሥራው ቆመ። የሚሞት ሰው ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም የሚል ስሌት ነበር። ስለ ግንባታው ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ባለመሆኑ ፓስተር እውነቱን ተረዳ። ጉዳዩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ሲደርስ ሥራው እንዲቀጥል ታዘዘ። ግንበኞቹ በተመለሱ ጊዜ የበሽተኛው መንፈስም አብሮ ተነሣ። የተሐድሶ ሕክምና ባለሙያዎች ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ተስፋ መቁረጥ ታማሚው እንቅስቃሴውን እንዲያቆም ስለሚያደርግ ማገገምን ክፉኛ እንደሚያጓትት ደጋግመው ይናገራሉ። ቤተሰብና አሠሪ ገና በሕይወት ያለውን ሰው እንደሌለ ሲቆጥሩት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ፓስተር አልጋ ላይ ሳለ መጻሕፍት እንዲነበቡለት ይጠይቅ ነበር። ከእነዚህም መካከል የእንግሊዛዊው ሳሙኤል ስማይልስ ራስን ስለ መርዳት የጻፈው መጽሐፍ ይገኝበታል። ቀስ በቀስም ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጥቂት እርምጃ ተሸጋገረ። በጥር 1869፣ ጥቃቱ ከደረሰበት ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የሐር ትል ወቅት እንዳያመልጠው በባቡር ወደ ደቡብ ለመጓዝ ቆረጠ። ጉዞው ብዙዎችን ያስጨነቀ ነበር። በአሌስ አቅራቢያ በምትገኘው ሴንት ኢፖሊት ያረፉበት ቤትም ቀዝቃዛና ለበሽተኛ የማይመች ሆኖ አገኙት። ፓስተር ግን በድጋፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም ጋደም ብሎ ጠዋት ጠዋት ሥራውን ይመራ ነበር። ትሎቹን የሚመረምሩት፣ የሚለዩትና የሚመዘግቡት ረዳቶቹ ናቸው። የሚናገረውን የምትጽፈው ማሪ ናት።

በኅዳር 1869 ቤተሰቡ በትሪየስት አቅራቢያ ወደሚገኘው ቪላ ቪቸንቲና ተጓዘ። ቪላው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ንብረት ሲሆን ሰፊ የእንጆሪ ተክል ያለበት፣ ጸጥ ያለና አየሩ ለስላሳ የሆነ ስፍራ ነበር። ፓስተር በአንድ በኩል እያገገመ በሌላ በኩል ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን ጥናት መጽሐፍ አድርጎ ለማሪ አጻፋት። ጤናማውን እንቁላል ከታመመው የመለየት ዘዴውንም በቪላው ተክል ላይ ሞከረው፤ በዚያ ወቅት የተገኘው የሐር ምርትም አስደሳች ነበር። በሐር ትል በሽታዎች ላይ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1870 ታተመ።

ማገገሙ ግን ሙሉ አልነበረም። ግራ እጁ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ እንደተኮማተረ ቀረ። ሲራመድ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር። የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት በ1870 ሲፈነዳ ለዘብ ለመመዝገብ ቢፈልግም ግማሽ አካሉ ሽባ የሆነ ሰው ለውትድርና እንደማይበቃ ተነገረው። በ1871 መጀመሪያ ላይ ግን ከተሸነፈው ጦር ጋር የነበረው ልጁ የት እንደደረሰ ባለመታወቁ፣ በክረምቱ በረዶ ላይ በአሮጌ ሠረገላ ተጉዞ በፖንታርሊየ አካባቢ አገኘው።

ለምርምር ሥራው ከሁሉ የከፋው ችግር የእጁ ነበር። የኬሚስትሪና የማይክሮብ ሥራ ሁለት እጅ ይፈልጋል። የብርጭቆ ዕቃ መያዝ፣ እንስሳ መክፈት፣ መርፌ መውጋት በአንድ እጅ አይሆንም። ፓስተር መፍትሔ ያደረገው በሌሎች እጅ መሥራትን ነው። ኤሚል ሩ፣ ሻርል ሻምበርላንና የሚስቱ የእህት ልጅ የሆነው አድሪያን ሏር በየተራ እጆቹ ሆነው አገልግለዋል። እርሱ ያስባል፣ ይመለከታል፣ ያዝዛል፣ ይመዘግባል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ዓይነቱ አሠራር ከሩ ጋር ግጭት ላይ ጥሎታል፤ ሩ የራሱ አስተያየት ያለው ሐኪም ነበርና። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው አካል መጉዳት የቡድን ሥራ እንዲወለድ ምክንያት መሆኑ አይካድም።

መንግሥትም በዚህ ረገድ ድርሻ ነበረው። ፓስተር በጤናው ምክንያት በሶርቦን ማስተማሩን ለመተው በመገደዱ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ሸንጎ በ1874 በዓመት 12,000 ፍራንክ ጡረታ እንዲከፈለው ወሰነ። ገንዘቡ ፓስተር ለዕለት ጉርሱ ሳይጨነቅ ቀሪ ጉልበቱን ለቤተ ሙከራው እንዲያውል አስችሎታል። በስትሮክ የተመታ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ እንጀራ ነውና፣ ውሳኔው ከማንኛውም መድኃኒት ያላነሰ ዋጋ ነበረው ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የተከናወኑት ሥራዎች ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው። በ1879 እና በ1880 በዶሮ ኮሌራ ላይ በሠራው ምርምር የተዳከመ ማይክሮብ ከበሽታ እንደሚከላከል ደረሰበት። በግንቦት 1881 በፑዪ ለ ፎር እርሻ በአባ ሰንጋ ላይ በሕዝብ ፊት ሙከራ አደረገ። ክትባት የተሰጣቸው 24 በጎች በሕይወት ሲገኙ፣ ካልተከተቡት በጎች አብዛኞቹ ሰኔ 2 ቀን ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት ሞተው ተገኙ፤ የቀሩትም ወዲያው ተከተሏቸው። ሐምሌ 6 ቀን 1885 ደግሞ ዦዜፍ ማይስተር የተባለ በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት የአልዛስ ልጅ ቤተ ሙከራው ደረሰ። ፓስተር ሐኪም ባለመሆኑ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። የነርቭ በሽታዎች አዋቂ የሆነው ዶክተር ቩልፒያንም ልጁን መርምሮ ክትባቱ እንዲሰጠው ከደገፉት አንዱ ነበር። ልጁ 13 መርፌ ተወግቶ ዳነ።

የአንድ ሰው አንጎል ከተጎዳ በኋላ ይህን ያህል ሥራ እንዴት ሊያፈራ ቻለ የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ሲያነጋግር ቆይቷል። የመልሱ አንድ ክፍል ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ነው። ግራ ጎን ሲሽመደመድ የተጎዳው የአንጎል ቀኝ ወገን ነው። ንግግርና ጽሕፈት በአብዛኛው ሰው የሚመሩት ከግራው ወገን በመሆኑ፣ ፓስተር ሐሳቡን የመግለጽ ችሎታውና የሚጽፍበት ቀኝ እጁ ተርፈውለታል። ሌላው ክፍል ግን ዛሬ የተሐድሶ ሕክምና መሠረት የሆነው እውቀት ነው። የሞተ የአንጎል ክፍል አይነሣም፤ በዙሪያው ያለው ጤናማ ክፍል ግን በልምምድ አዲስ መንገድ ሊያበጅ ይችላል። ለውጡ ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ በዝግታ ይቀጥላል። በ2015 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በመጀመሪያው ቀን ታማሚን አስነሥቶ ረጅም ልምምድ ማሠራት እንደማይጠቅም አመልክቷል። የሚመከረው አጭር አጭር ልምምድ በየዕለቱ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው። አንድ ሰው ልብሱን ራሱ እንዲለብስ፣ ማንኪያውን ራሱ እንዲያነሣ መተው፣ በፍቅር ተነሳስቶ ሁሉን ከሚያደርግለት ቤተሰብ ይልቅ ይጠቅመዋል። ማሪ ለባሏ ትጽፍለት ነበር እንጂ በእርሱ ፋንታ አታስብም ነበር።

ሕመሙን ያመጣው ምን እንደነበር በጊዜው የተሰጠው ምክንያት የሥራ ብዛትና ሐዘን ነው። የፓስተርን የደም ግፊት የለካ ሰው አልነበረም፤ በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ያስተዋወቀው በ1896፣ ፓስተር በሞተ በዓመቱ ነው። ይሁን እንጂ የኖረበት አካባቢ ዛሬ ሐኪሞች በጥርጣሬ የሚያዩት ነው። የድንጋይ ከሰልና የማገዶ ጭስ የሞላባት ፓሪስ፣ በምድጃና በኬሚካል ትነት የታፈነ ጠባብ ክፍል፣ ከግለት ወደ ብርድ መመላለስ፣ እንቅልፍ የሌለው ሥራ ሁሉም በአንድነት ነበሩ።

ከጭስ የሚወጡት እጅግ የደቀቁ ብናኞች ከሳንባ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ። በዚያም የደም ሥሮችን ግድግዳ ያስቆጣሉ፣ ግፊትን ያንራሉ፣ የደም መርጋትንም ያፋጥናሉ። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ግፊትን ሲጨምር፣ ከአሮጌ ቀለምና ከባትሪ የሚወጣው እርሳስ የተባለው ማዕድንም ለብዙ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ እንዲሁ ያደርጋል። በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 11.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በስትሮክ የተመታ ሲሆን፣ 7.3 ሚሊዮን ያህል ደግሞ ሞቷል። በ2024 የታተመው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ከዚህ ጫና 84 በመቶው ሊለወጡ ከሚችሉ ምክንያቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስልቷል። በቀዳሚነት የተቀመጠው የደም ግፊት ሲሆን የአየር ብክለትም ከዋናዎቹ ተርታ ይገኛል። በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል የሚያበስል በመሆኑ፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ አጠገብ የምትውል እናት ከፓስተር ምድጃ የራቀች አይደለችም። የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ለዓይንና ለሳንባ ብቻ ሳይሆን ለአንጎልም ይጠቅማል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ በስትሮክ የተመታ ሰው ለሁለተኛው የተጋለጠ ነው። በዛሬው ሕክምና ግፊትን የሚቆጣጠሩና የደም መርጋትን የሚከላከሉ መድኃኒቶች አደጋውን በእጅጉ ይቀንሱታል። ፓስተር እነዚህን አላገኘም። በእብድ ውሻ ክትባቱ ላይ የተነሣው ክርክር ባደከመው ወቅት፣ በ1886 መጨረሻ ለዕረፍት ወደ ጣሊያን ባሕር ዳርቻ ቦርዲገራ ቢሄድም የካቲት 1887 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ አገሩ መለሰው። ጥቅምት 23 ቀን 1887 ጠዋት ደብዳቤ ጽፎ እንደጨረሰ ማሪን ሊያነጋግር ሲሞክር ምላሱ አልታዘዝ አለው። ንግግሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢመለስም ድምፁ የቀድሞ ጉልበቱን አላገኘም። ከመላው ዓለም በተዋጣ ገንዘብ በፓሪስ የተሠራው የፓስተር ኢንስቲትዩት ኅዳር 14 ቀን 1888 ሲመረቅ ንግግሩን ያነበበለት ልጁ ነው። ታኅሣሥ 27 ቀን 1892 በሶርቦን 70ኛ ዓመት የልደት በዓሉ ሲከበር በፕሬዚዳንት ካርኖ ክንድ ተደግፎ ወደ አዳራሹ ገባ። በዚያም ቀን የእርሱን ቃል ያሰማው ልጁ ነበር።

ከ1894 መጨረሻ ጀምሮ ሰውነቱ ይበልጥ ተዳከመ። መስከረም 28 ቀን 1895 ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው ቪልኔቭ ሌታን በ72 ዓመቱ አረፈ። በኖትርዳም ካቴድራል መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ከተፈጸመለት በኋላ፣ በ1896 አስከሬኑ በስሙ በተጠራው ኢንስቲትዩት ሥር ወደተሠራው ምድር ቤት ተዛወረ። በክትባቱ የዳነው ዦዜፍ ማይስተር ካደገ በኋላ በዚያው ኢንስቲትዩት በጥበቃ ሠራተኛነት አገልግሏል። በ1910 ያረፈችው ማሪም በዚሁ ምድር ቤት፣ ባሏ አጠገብ ተቀብራለች።